ጭሱን ትለካላችሁ፤ ትነቱንስ ማን ይየው?

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን
ለዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ተቋማት በሙሉ

ጉዳዩ፦ በዓመታዊ ምርመራ ላይ የቤንዚን መኪኖች የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያና የጭስ ማጣሪያ ክፍሎች እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በቤንዚን ሞተርና በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። የምጠይቀው አዲስ ግብር ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። ለቦሎ የሚቀርብ የቤንዚን መኪና ሁሉ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ የነዳጅ ክዳኑ ተነስቶ፣ የትነት መቆጣጠሪያው በዓይንና በእጅ እንዲፈተሽ፣ ከዚያም የመኪናው ኮምፒውተር እንዲነበብ ነው። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

በተለመደው ምርመራ የመኪናው ፍሬን በሮለር ላይ ይለካል፤ የፊት መብራቱ፣ መሪው፣ ጎማው፣ የእግር ክፍሉ ይታያል። በመጨረሻም የጋዝ መለኪያው ቱቦ ማርሚታው ጫፍ ላይ ይገባና ካርቦን ሞኖክሳይዱና ያልተቃጠለው ነዳጅ ይነበባል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ እንዲቀር አልጠይቅም። እንዲያውም በጥንቃቄ ቢሠራ እመኛለሁ። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ የሚወሰድ ልኬት ብዙ አይናገርም። የጭስ ማጣሪያው ሥራ የሚጀምረው ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ፣ ወረፋ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሲጠብቅ የቆየ ጤነኛ መኪና እንኳ መጥፎ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በሚኒሞም፣ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ከፍ አድርጎም መለካት ተገቢ ነው።

ዋናው ጉዳዬ ግን ቱቦው የማይደርስበት ቦታ ያለው ነው። መኪና አየር የሚበክለው ሲሄድ ብቻ ይመስለናል። ቤንዚን ግን ቆሞም ይተናል።

ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ የነዳጅ ታንክ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ትነት ግፊት ይፈጥራል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ መኪና ማታ ሲቆምም የሞተሩና የጭስ ማውጫው ሙቀት ወደ ነዳጁ ይተላለፋል። ይህ ትነት መውጫ ይፈልጋል። በድሮዎቹ መኪኖች በታንኩ መተንፈሻ በኩል በቀጥታ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በተሠሩት ግን ከታንኩ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ትነቱን ወደ ካኒስተር ይወስደዋል። ካኒስተር በልዩ ዝግጅት የተሠራ የከሰል ፍርፋሪ የታጨቀበት ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ በአንዳንዱ መኪና ኮፈን ሥር፣ በሌላው ከኋላ ታንኩ አጠገብ ይቀመጣል። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ፐርጅ ቫልቭ የምንለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ይከፍትና የሞተሩ ስበት ትነቱን ከከሰሉ ላይ አንስቶ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ያቃጥለዋል። ባለንብረቱ የከፈለበት ቤንዚን አየር ላይ ከመባከን ተርፎ መኪናውን ይገፋል ማለት ነው።

ይህ ክፍል ሲበላሽ መኪናው አይቆምም፤ ጉልበቱም ብዙ ጊዜ አይቀንስም። ስለዚህ ማንም አይጠግነውም። ጋራዥ ውስጥ የምናየውን ልንገራችሁ። የነዳጅ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል የታሰረ መኪና ይመጣል። ክዳኑ ኖሮ የላስቲክ ማሸጊያው ደርቆ የተሰነጠቀ ይመጣል። ከታንኩ ወደ ካኒስተር የሚሄደው ላስቲክ በሙቀት ተበልቶ፣ ጫፉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ካኒስተሩ ጭራሽ ተነቅሎ የቱቦው አፍ በብሎን የተወተፈ መኪና ብርቅ አይደለም።

በአንድ መኪና ላይ ያየሁትን በዝርዝር ላስረዳ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ኮሮላ ነበር። ባለንብረቷ የመጡት ልጆቻቸው ከኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቤንዚን ይሸተናል እያሉ ስለሚያስቸግሩ ነው። መኪናው ምርመራ አልፎ አዲስ ቦሎ ከተለጠፈበት ብዙም አልቆየም፤ የጭስ ወረቀቱም ጥሩ ነበር። የነዳጅ ክዳኑን ስናነሳ መሐሉ በመሰርሰሪያ የተበሳ ሆኖ አገኘነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ካኒስተሩ አየር የሚያስገባበት አፍ በገጠር መንገድ አቧራ ተደፍኖ ነበር። አየር መግቢያ ያጣው ታንክ ነዳጁ በጎደለ ቁጥር ውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠራል፤ ክዳኑ ሲከፈት ፉጨት ይሰማል፤ ሲብስም ፓምፑ ነዳጅ መግፋት ያቅተዋል። አንድ መካኒክ ካኒስተሩን አውጥቶ በማጽዳት ወይም በመቀየር ፈንታ ክዳኑን በሳላቸው። መኪናው ከዚያ ወዲህ በደንብ ሄደ። ትነቱ ግን ሌት ተቀን በዚያ ቀዳዳ ይወጣል፤ መኪናው ባዘነበለና በተንገጫገጨ ቁጥር ፈሳሹም ይንጠባጠባል። የምርመራ ባለሙያ ያንን ክዳን በእጁ ይዞ ቢያየው በአምስት ሰከንድ ያውቀው ነበር።

ከአየር ብክለት በፊት እሳትን ላንሳ። በትነት መቆጣጠሪያው ሥርዓት ውስጥ መኪና ሲገለበጥ ነዳጅ በመተንፈሻው በኩል እንዳይፈስ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። የተበሳ ክዳን፣ የተቆረጠ ቱቦ ወይም የተነቀለ ቫልቭ ያለው መኪና መንገድ ዳር ቢገለበጥ ቤንዚኑ የሚፈሰው በጋለ ብረትና በተበጣጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ነው። ምርመራው ፍሬንን የሚያይበት ምክንያት የሰው ሕይወት ከሆነ፣ ይህም ከዚያ ያነሰ አይደለም።

ወደ አየሩ ልመለስ። ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት ጉዳት በሳይንስ የታወቀው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። አሪ ሃገን-ስሚት የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የከተማዋን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሲመረምር፣ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ትነት ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ኦዞን እንደሚፈጥር አረጋገጠ። መሬት ላይ ያለ ኦዞን ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ሰው ያባብስበታል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ መላው አሜሪካም ከ1971 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪኖች የትነት መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ያስገደዱት ከዚህ ተነስተው ነው። ትነቱ በራሱም መርዝ ነው። በቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በተዘጋ ጊቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር የሚያድር መኪና ትነቱን የሚለቅቀው ለቤተሰቡ ነው።

የአዲስ አበባ አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። የከተማዋ ትልቁ ክፍል ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲያንስ አንድ ዓይነት ቤንዚን በአንድ ዓይነት ሙቀት የበለጠ ይተናል። ከጅቡቲ ተጭኖ የመጣው ነዳጅ እዚህ ታንክ ውስጥ ሲገባ ካኒስተሩን በባሕር ጠረፍ ካለው የበለጠ ሥራ ይጠብቀዋል። ፀሐያችንም ኦዞን ለመሥራት ከበቂ በላይ ናት። ትነት መቆጣጠር ለሌላ ሀገር ሰው ሳያስፈልግ አይቀርም ለእኛ ግን ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ እውነቱ ተቃራኒው መሆኑን በሙያዬ እነግረዋለሁ።

የጭስ ማጣሪያው፣ ማለትም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ሌላው ጉዳት የደረሰበት ክፍል ነው። እንደ ማር እንጀራ በተቦረቦረ ሴራሚክ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቶበታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለውጣል። ዘይት የሚበላ ሞተር ወይም የሚያባክን ካንዴላ ሲኖር ሴራሚኩ ይቀልጣል ወይም ይደፈናል፤ መኪናው አልስብ ይላል። ያን ጊዜ ትክክለኛው ሥራ የችግሩን መነሻ መጠገን ነው። የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ ማጣሪያውን ቆርጦ ውስጡን ማውጣትና ባዶውን ብረት መልሶ መበየድ ነው። የወጣው ሴራሚክ ዋጋ ስላለው ይሸጣል፤ ባለመኪናው ምን እንደተወሰደበት እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል። የቼክ ኢንጂን መብራቱ እንዳይበራ ከኋለኛው የኦክስጅን ሴንሰር ሥር ማራዘሚያ ይገባና ኮምፒውተሩ ይታለላል። ከውጭ ሲመጣ ጀምሮ ባዶ የሆነም አለ። የኔዘርላንድስ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ በሀገሪቱ ወደቦች በኩል ወደ አፍሪካ ከሚላኩ ያገለገሉ መኪኖች መካከል ማጣሪያቸው የተነቀለ ወይም የተነካካ መኖራቸውን አስታውቋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም በዚያው ዓመት እንዳሳወቀው፣ ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ውጭ ከተላኩት 14 ሚሊዮን ያህል ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ትልቁ ድርሻ የገባው ወደ አፍሪካ ነው።

ስለዚህ መርማሪው መኪናው ሥር ሲገባ ማጣሪያው መኖሩን ብቻ ሳይሆን አዲስ የብየዳ መስመር እንዳለበት ያስተውል። በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታው ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ሴራሚኩ ተሰብሯል። በሚሞቅበት ጊዜ የመግቢያውንና የመውጫውን ሙቀት መለካትም ፍንጭ ይሰጣል።

ስለ ኮምፒውተር ንባብ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ስካነር ተሰክቶ ኮድ ካልታየ መኪናው ንጹሕ ነው ይባላል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ያሉ መኪኖች የታንኩን ፍንጥቅ በራሳቸው እንዲፈትሹ ተደርገው እየተሠሩ መጥተዋል፤ ትንሽ ፍንጥቅ ሲያገኙ ፒ0442፣ ትልቅ ሲሆን ፒ0455 የሚል ኮድ ይመዘግባሉ። ለአውሮፓ፣ ለጃፓን የሀገር ውስጥ ገበያና ለባሕረ ሰላጤው ሀገራት ከተሠሩት ብዙዎቹ ግን የሚያውቁት የፐርጅ ቫልቩ ሽቦ መቆረጡን እንጂ የቱቦውን መቀደድ አይደለም። እኛ ዘንድ የሚበዙት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ቱቦው ተቆርጦ ወድቆ ስካነሩ ምንም አይልም። የእጅና የዓይን ፍተሻ ከስካነሩ መቅደም አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ፍተሻው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላሳየው። ሞተሩ ቀዝቅዞ በሚኒሞ ሲሠራ ከካኒስተሩ ወደ ፐርጅ ቫልቩ የሚመጣው ቱቦ ይነቀልና የቫልቩ አፍ ላይ ጣት ይደረጋል። መሳብ የለበትም፤ ከሳበ ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቷል። ይህ መኪና ነዳጅ በሞላ ቁጥር ለመነሳት የሚያስቸግርና ሚኒሞው የሚወዛወዝ ነው። ሞተሩ ሲሞቅና ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ቫልቩ ጠቅ ጠቅ እያለ መሳብ አለበት። ካኒስተሩ ሲነቀል ከባድ ከሆነና ፈሳሽ ነዳጅ ካለው አልቋል፤ የከሰል ፍርፋሪ ቱቦው ውስጥ ከተገኘም እንዲሁ። የክዳኑ ላስቲክ በጣት ሲታጠፍ መሰነጣጠቅ የለበትም። ከዚህ በላይ ማየት ለሚፈልግ ጣቢያ ታንኩን በጣም በአነስተኛ ግፊት ሞልቶ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ይቻላል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1995 የተሠሩ መኪኖችን በዚህ መንገድ ስትፈትሽ ቆይታለች። መሣሪያው የሮለር ፍሬን መለኪያን ያህል ውድ አይደለም።

ወደ ኮምፒውተር ንባቡ ልመለስ። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሥርዓቱን ያውቁታል፤ ብዙዎቹ መኪናቸውን በየሁለት ዓመቱ ለልቀት ምርመራ ያቀርባሉ። እዚያ ማታ ባትሪ ነቅሎ ኮዱን አጥፍቶ ጠዋት መቅረብ አያዋጣም። ኮምፒውተሩ ራሱን መፈተሹን ያልጨረሰባቸው ክፍሎች ከተፈቀደው በላይ ከሆኑ ባለመኪናው ነድቶት እንዲመለስ ይነገረዋል። እኛም ስካነር ስንጠቀም ከኮዱ ጎን ይህን የዝግጁነት ምልክት ማንበብ አለብን። ካልሆነ ንባቡ ዋጋ የለውም።

ጥያቄዬ በቤንዚን መኪኖች ላይ ብቻ ነው፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይተንምና የናፍጣ መኪኖች ካኒስተር የላቸውም። የእነሱ ጥቁር ጭስ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም።

አንዳንዶች የቤንዚን መኪና ጊዜው አልፏል፣ ለምን እንደክማለን ይላሉ። በእርግጥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑ ታውቋል። ከዚያ ቀደምም የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አድርጎት ነበር። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ውጤታቸው ግን ሌላ ገጽታ አለው፤ አሁን በእጅ ያለው የቤንዚን መኪና ምትክ በቀላሉ አያገኝምና እየተጠገነ ለብዙ ዓመታት ይነዳል። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ላስቲኩ ይደርቃል፣ ክዳኑ ይላላል፣ ካኒስተሩ ይደፈናል። አዲስ የቤንዚን መኪና በማይገባበት ሀገር ያለውን በደንብ መያዝ የግድ ነው።

ሕጉም ይደግፈናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። የጎደለው በመርማሪው እጅ ያለው የፍተሻ ወረቀት ላይ የሚጨመሩ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ የነዳጅ ክዳን፣ የትነት ቱቦዎች፣ ካኒስተር፣ ፐርጅ ቫልቭ፣ የጭስ ማጣሪያ መኖርና አለመነካካት።

አንድ ጭንቀት አለኝ፤ አልደብቀውም። በጥሪ ታክሲ ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ ቪትዝ መኪናውን በብድር የገዛ ሰው ካኒስተር ተበላሽቷል ተብሎ ቦሎ ቢከለከል ቤቱ ይራባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ለማስታወቅ ብቻ ይሁን። ጉድለቱ በወረቀት ተጽፎ ለባለንብረቱ ይሰጠው፤ ክዳንና ቱቦ ወዲያውኑ እንዲቀየር ይደረግ፤ ውድ ለሆኑት ክፍሎች እስከሚቀጥለው ቦሎ ጊዜ ይሰጠው። የቱቦና የክዳን ለውጥ አብዛኛውን ጉድለት ያቃልላል፤ ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። ባለንብረቱ ውጤቱን ቁጥሮቹ ተጽፈውበት በእጁ ሊያገኝ ይገባል፤ “አልፏል” የሚል ማኅተም ብቻ አይበቃውም። ማጣሪያ የሚነቅሉ ጋራዦችና ሴራሚኩን የሚገዙ ነጋዴዎች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠየቁ፤ ትርፉ የእነሱ እንጂ የሹፌሩ አይደለምና። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰሌዳ የለጠፉ መኪኖችም በዚሁ ፍተሻ ይለፉ፤ ሌላው ሕዝብ ይህን ሲያይ ያምናል።

ለአሽከርካሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ማደያ ላይ የነዳጁ አፍንጫ ጠቅ ብሎ ከቆመ በኋላ ሂሳቡ እንዲሞላ ወይም ወረፋው ስላስመረራችሁ አፉ ድረስ አታስጨምሩ። ትርፉ ነዳጅ በትነት ቱቦው በኩል ካኒስተሩ ውስጥ ይገባና ከሰሉን ያበላሸዋል። ቀጂዎቹም ይህን እንዲያውቁ ማደያዎች ቢያስተምሩ ብዙ ካኒስተር ይተርፋል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምርመራ ባለሙያዎቻችሁን ለማሠልጠን ጋራዦች ውስጥ ያለን ሰዎች ያለ ክፍያ ለማገዝ ፈቃደኞች የምንሆን እንኖራለን፤ እኔ አንዱ ነኝ። የፍተሻ ወረቀቱ ከሚቀጥለው የቦሎ ዘመን በፊት እንዲሻሻል፣ ሙከራውም በጥቂት ጣቢያዎች ተጀምሮ ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ

ግልባጭ፦ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን